ለሁሉም እኩል ፀሐይ

መምህርት ፀዳለ መሞቷን የነገረኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ጠዋት የግቢዬን በር ገፋ አድርጎ ገባና ባርኔጣውን አወለቀ። «እማማ ስንዱ፣ ያቺ እርስዎ ቤት ተከራይታ የነበረችው አስተማሪ ዐርፋለች አሉ። አገሯ ጎጃም ቀበሯት» አለኝ።

መቀስ ይዤ ነበር። መቀሱን አስቀምጬ «ነፍስ ይማር» አልኩ። እንባ ግን አልመጣልኝም። ሰውየው ቆሞ ፊቴን ያያል። ሰቆጣ ውስጥ እኔንና እሷን እንደ እናትና ልጅ የሚቆጥር ሰው ዛሬም አለ።

«ደነገጡ፣ እማማ» አለ።

«አልደነገጥኩም። ተናድጄ ነው።»

«በሞተ ሰው?»

«አዎ፣ በሞተ ሰው። የምትናገርልኝ አንድ ቃል ነበራት። ሳትናገር ሄደች።»

ዘበኛው ባርኔጣውን አጠለቀና ወጣ። ከበሩ ውጭ ቆሞ ሲያማትብ አየሁት።

ስለ ሞተ ሰው ክፉ አይወራም ይላሉ። እኔ ክፉዋን ብቻ አላወራም። ደጓንም እጽፋለሁ፤ ደግነቷ ባይበዛ ኖሮ ክፉዋ ይህን ያህል አይቆይብኝም ነበር። ጽሕፈቴ የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈት ነው፤ በኋላም ማታ ማታ እየሄድኩ እስከ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ለሚያነብ ሰው ይበቃል።

ፀዳለ ሰቆጣ የመጣችው ተመድባ ነው። ቀጭን፣ አጭር፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል ሴት ነበረች። እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ትሰካና ትረሳዋለች፤ ከዚያ ቤቱን ሁሉ ታምሳለች። «እማማ፣ እርሳሴን አዩት?» ትለኛለች። «ራስሽ ላይ በቅሏል» እላታለሁ። በዚህ ነገር ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትስቅ ነበር።

ጓዟ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ሻንጣውን ለተሸካሚው ሰጥታ ቆርቆሮውን ራሷ ታቅፋ ገባች። ወርቅ ነው ብዬ ነበር። በነጋታው ስትከፍተው ውስጡ ጥቅል ጥቅል ፕላስተር ሞልቷል፤ አበባ ያለው፣ መስመር ያለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ዳንቴል የተበሳሳ።

«ምነው ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ፕላስተር? ቁስለኛ ልታክሚ ነው የመጣሽው?»

«ለቁስል አይደለም፣ እማማ። ለጌጥ ነው። ካርድ ላይ ይለጠፋል።»

«የሚለጠፍ ጌጥ! እኛ ጌጥ የምናውቀው የሚሰፋውን ነው።»

«እንግዲያው እርስዎ መስፋቱን ያስተምሩኝ፣ እኔ መለጠፉን አስተምርዎታለሁ» አለችኝ።

እኔ ስፌት አውቃለሁ። አክርማና ስንደዶ ይዤ ነው ያደግሁት፤ ዓይኔ ቀለም ከቀለም ሲጣላ ያያል፣ እጄም መስመር አይስትም። ስለዚህ ቶሎ ተግባባን። ለተማሪዎቿ የእንቁጣጣሽ ካርድ ማሠራት ጀመረች፤ ወረቀቱን የምቆርጥላት እኔ ሆንኩ። ቀጥሎ አንዱ ለክርስትና፣ አንዱ ለምርቃት፣ አንዱ ለሠርግ ካርድ ሥሩልን እያለ ይመጣ ጀመር። ሁለታችንም ከሥራችን ስንመለስ የቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን መሥራት ሆነ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን አመራረጧን ነው። ከወልድያ በሚመጣው መኪና አዲስ ፕላስተር ሲመጣላት ዝም ብላ ካርድ ላይ አትለጥፍም። «ሻጭ ሁሉ የኔ ይጣበቃል ይላል። እኛ ግን ማየት አለብን» ትላለች። ከቤቴ ጓሮ በርበሬ የማሰጣበት ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለ። አንድ ዓይነት ወረቀት ትቆርጥና ከየጥቅሉ እኩል እኩል ቁራጭ ትለጥፍበታለች። ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረግ አድርጋ ትለጥፍና በማንኪያ ጀርባ ታሸዋለች፤ አንዱን ጠበቅ አንዱን ላላ አታደርግም። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ትደረድራቸዋለች።

አንድ ቀን ደርድረን ሻይ ስንጠጣ የአጥሩ ጥላ ዞሮ በሁለቱ ላይ አረፈባቸው። ብርጭቆዋን አስቀምጣ እየሮጠች ሄደች። ሁሉንም አንድ በአንድ አንስታ ወደ ፀሐዩ አዛወረቻቸው።

«ምነው፣ ሁለቱ ብቻ ናቸው ጥላ የነካቸው» አልኳት።

«ለሁሉም እኩል ፀሐይ፣ እማማ!» አለችኝ። «ጥላ ያገኘው ጥሩ ነው ብንል እኮ ሌላውን በደልነው።»

ይህ ቃል ልቤ ውስጥ ገባ። እኔ መሬት ሲካፈል፣ የእርዳታ እህል ሲታደል፣ ውኃ ወረፋ ሲያዝ አድልዎ አይቼ ዝም የማልል ሴት ነኝ፤ በዚህም ብዙ ጠላት አፍርቻለሁ። ለፕላስተር የማታዳላ ሰው ሳይ ደስ አለኝ። ለፕላስተር ያላዳላች ለሰው ታዳላለች ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

እንዲህ እያልን የየአንዳንዱን ጠባይ ለየን። የሚያብረቀርቀው ፕላስቲክ ከሩቅ ያምራል፤ ነገር ግን ካርዱ ሲታጠፍ ጠርዙ ብድግ ይላል፣ እስክሪብቶም አይጽፍበትም። ብናኝ የተነሰነሰበት ደግሞ ሰው ሁሉ ላይ ይረግፋል። የክርስትና ካርድ በሱ ሠርተን ቄሱ ጢማቸው እያብለጨለጨ ሲወጡ አይተን ሁለታችን አጥሩ ሥር ገብተን እስኪያመን ስቀናል። እንደ ዳንቴል የተበሳሳው ሙጫው ትንሽ ነው፤ ለጌጥ እንጂ ሌላ ነገር ሊይዝ አይችልም።

የቀሩት ሁለቱ ዋነኞቹ ናቸው። አንዱ የወረቀት ነው። ስስ ነው፣ በጣት ይቀደዳል፣ ቀለሙ እንደ አደይ ነው፤ ተሳስተሽ ብትለጥፊው ካርዱን ሳይጎዳ ይነሳል። ፀዳለ እሱን ትወድ ነበር። ሌላው የጨርቅ ነው። ወፍራም ነው፣ ጠርዙ ክር ክር ይላል፣ ካርዱ በደንብ እንዳይታጠፍ ያደርጋል፤ ተሳስተሽ ብታነሺው ወረቀቱን ይዞት ይመጣል። እኔ እሱን እወድ ነበር።

«እማማ፣ ይሄ እኮ እንደ ጆንያ ነው!» ትለኛለች።

«ጆንያ እህሉን ይይዛል» እላታለሁ። «ያንቺው የሚነሳ ነው። የሚነሳ ነገር አንድ ቀን መነሳቱ አይቀርም።»

ጎረቤቴ ብርነሽ ልጇን ልትድር ሆነ። ብርነሽና እኔ አጥር ብቻ ነው የሚለየን፤ አንድ ማኅበር እንጠጣለን፣ ስንጣላ በኽምጣኛ ስንታረቅ በአማርኛ ነው። የጥሪውን ካርድ እንድንሠራላት መጣች። በከተማ አሁን በስልክ ሥዕል እየላኩ ይጠራሉ፤ የኛ ሽማግሌ ግን ያን ጥሪ አይለውም። ካርድ በእጁ ሊደርሰው፣ ስሙም በላዩ ሊኖር ይገባል። ስሙ የሌለበት ካርድ የደረሰው ሰው «ለማንም የተበተነ ነው» ብሎ ይቀራል።

ብርነሽ ደግሞ የስም ነገር ላይ አታበቃም። ዛሬ እገሌን ትጨምራለች፣ ነገ እገሌ ይውጣ ትላለች። ስለዚህ ፀዳለ አንድ ዘዴ አመጣች። ስሙን በቀጭን ወረቀት ጽፈን፣ ካርዱ ፊት ላይ ዳርና ዳሩን በጌጥ ፕላስተር እንይዘዋለን። ስም ቢለወጥ ያቺን ብቻ ነቅሎ መቀየር ነው። ናሙናውን በወረቀቱ ፕላስተር ሠርታ ለብርነሽ አሳየቻት፤ ብርነሽም አበባውን አይታ እልል አለች።

እኔ ግን ጥሪው የት እንደሚሄድ አሰብኩ። የብርነሽ ታላቅ ወንድም አያ ሐጎስ፣ ከነዘመድ አዝማዱ፣ ያለው አበርገሌ ቆላ ነው። «ድንጋዩ ላይ እንየው» አልኳት። ጠዋት ሁለቱንም ደረደርን። ቀትር ላይ ሄደን ስናይ የወረቀቱ ፕላስተር እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሏል፤ የስም ወረቀቷ ወርዳ ድንጋዩ ላይ ተኝታለች። የጨርቁ ንቅንቅ አላለም።

«የሰቆጣ ፀሐይ ይህን ካደረገው የአበርገሌው ምን ሊያደርገው ነው?» አልኳት።

ወረቀቷን አንስታ ስታገላብጥ ቆየች። «እውነትዎን ነው፣ እማማ። በጨርቁ እናደርገዋለን» አለች።

ልንሠራ የተቀመጥን ቀን ግን ቆርቆሮውን ስትከፍት የወረቀቱን ጥቅል አወጣች። «ናሙናውን አይተው ወደውታል፤ አሁን ሌላ ነው ብላቸው አያምርብኝም። ደግሞ ካርዱ በቦርሳ ነው የሚሄደው፣ ፀሐይ አያየውም።»

«ድንጋዩ ያለውን ረሳሽው?»

«እማማ፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው» አለችኝ፤ ክንዴን ያዝ አድርጋ። «ቢለቅ እኔ አለሁ።»

እሷ ስም ጻፈች፣ እኔ አጣበቅሁ።

ካርዶቹን ወደ ቆላ የወሰደው ገብሬ ነው፤ የብርነሽ የአክስት ልጅ፣ ፍየል ነጋዴ። በፌስታል አድርጎ ጭነት መኪናው ውስጥ ሾፌሩ ፊት ለፊት፣ መስተዋቱ ሥር አስቀመጣቸው። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ሞተር። አበርገሌ ደርሶ ፌስታሉን ሲከፍት ስሞቹ ሁሉ ከካርዱ ተለይተው ታች ተጠራቅመዋል። ሌላ አገር ሰው ቢሆን መልሶ ያመጣቸው ነበር፣ ወይም ባዶውን ይሰጥ ነበር። ገብሬ ግን የኛ ሰው ነው፤ ስም የሌለው ጥሪ ነውር መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ አንድ ስም እየመረጠ፣ በምራቁ እያራሰ መልሶ ለጠፋቸው። ማንበብ ደግሞ ብዙም አይሆንለትም።

ሠርጉ ቀን አያ ሐጎስ አልመጣም። በነብርነሽ ዘር ወግ የእናት ወንድም ሳይመርቃት ሙሽራ ከቤት አትወጣም። ሚዜዎቹ ደጅ ቆመው ዘፈኑ አለቀባቸው። ሙሽራዋ የተኳለችው ኩል በእንባዋ ወረደ። ብርነሽ በየደቂቃው ወደ መንገዱ ትወጣለች፤ ስልኩ አይነሳም። በመጨረሻ ሌላ ሽማግሌ በእሱ ቦታ ቆሞ መረቀና ልጅቷ ወጣች። ብርነሽ የዚያን ዕለት ያለቀሰችው የሠርግ ልቅሶ አልነበረም።

ከሠርጉ በኋላ አያ ሐጎስ ራሱ መጣ፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ብርነሽ ቤት ተቀመጥን። ከኪሱ ካርዱን አወጣና ምንጣፉ ላይ ጣለው።

«ስሜን አንብቡልኝ» አለ።

አንዱ ሽማግሌ አንስተው አነበቡ። «ለአቶ ንጉሤና ለመላው ቤተሰባቸው» ይላል።

«ንጉሤ ማነው? ድንበሬን ገፍቶ ፍርድ ቤት ያመላለሰኝ ሰው! እህቴ ልጇን ስትድር በባላጋራዬ ስም ጠራችኝ!»

«አያዬ፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ እኔ እንዲህ አላደርግም! ለንጉሤ በጉርብትና የራሱን ካርድ ልኬ ነበር!» ብርነሽ እግሩ ሥር ወደቀች።

ገብሬ ተጠራ። እንደ ሕፃን እየተቁለጨለጨ የሆነውን ነገረን።

«አንብበህ ነው የለጠፍከው?» አሉት ሽማግሌው።

«እንዳቅሜ፣ አባባ። ረጅሙን ስም ለትልቅ ሰው፣ አጭሩን ለትንሽ ሰው እያልኩ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ አያ ሐጎስ ግን አልሳቀም። «ስሙ መጀመሪያውኑ ለምን ወለቀ? ማነው ይህን የሠራው?» አለ።

ፀዳለ አጠገቤ ነበረች፤ ጉልበታችን ይነካካል። እኔ አልሰጋሁም። ቃሏን ይዣለሁ፤ «ቢለቅ እኔ አለሁ» ብላኛለች። ጣቷን ቀሚሷ ላይ ስትጠርግ አየሁ፤ ፕላስተር ልትለጥፍ ስትል እንደምታደርገው።

«ያጣበቁት እማማ ናቸው» አለች።

ቀጥላ ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። አልቀጠለችም።

ውሸት አልተናገረችም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ውሸት ቢሆን «ዋሸሽ» ብዬ እጮህ ነበር። እውነቱን ከሁለት ቆርጣ፣ እኔ ያለሁበትን ቁራጭ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች፤ እሷ ያለችበትን ኪሷ ከተተች።

«ቀጥዪ እንጂ!» አልኳት። «ማነው የመረጠው? ድንጋዩ ላይ ማን አየው? ኃላፊነቱ የኔ ነው ያለ ማነው?»

አቀረቀረች። የሙሽራው አባት አቶ ደምለው፣ የቢሮ ሰው ናቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እናታችን፣ መምህርቷን አያስጨንቋት። የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሳሳትም። ዕድሜ ነው። እጅ ይደክማል፣ የሚያሳፍር አይደለም።»

«እጄ አልደከመም! እጄ ያዘዙትን ነው ያደረገው!»

ማንም አልሰማኝም። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩና ወሰኑ። በወጋችን መሠረት ድንጋይ ተሸክሜ አያ ሐጎስ ፊት ቀርቤ ይቅርታ ልጠይቅ፣ ነገሩም በዚሁ ያብቃ።

ተነሣሁ። «ድንጋይ ነው የምታሸክሙኝ? ድንጋዩማ ጓሮዬ አለ። ሁሉን አይቷል። ሂዱና እሱን ጠይቁት! ላላጠፋሁት አልንበረከክም» ብዬ ወጣሁ። ብርነሽ ከኋላዬ «ለኔ ስትዪ እንኳ፣ እታለም! ለኔ ስትዪ!» እያለች ስትጮህ ሰምቻለሁ። አልተመለስኩም።

ፀዳለ ያኑ ዕለት ወደ ማታ ደጃፌ ላይ መጥታ ቆመች። ግቢ አላልኳትም።

«እማማ፣ እናቴ አልጋ ላይ ናት። የሚያስታምማት የለም። የዝውውሬ ጉዳይ ደግሞ አቶ ደምለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የልጃቸውን ሠርግ ያበላሸሁ እኔ መሆኔን ካወቁ...»

«ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ» አልኳት፣ «እማማ ተሸከሙልኝ ብትዪኝ ኖሮ እሸከምልሽ ነበር። ለእናት ብዬ ድንጋዩንም እሸከም ነበር። ሳትለምኚኝ ጫንሽብኝ።»

አለቀሰች። «ዝውውሬ ይውጣልኝና፣ ለእትዬ ብርነሽ ራሴ እነግራቸዋለሁ። በእናቴ ይሁንብኝ።»

ዝውውሯ ወጣ። ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ሄደች። ስነሣ የብስኩት ቆርቆሮው ደጃፌ ላይ ተቀምጧል፤ ፕላስተሩ በሙሉ ውስጡ ነው። ብርነሽን ግን አላነጋገረቻትም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። እኔን ግን ጥላኝ፣ ወድቄ እያየችኝ ዘወር ብላ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ አጥሩ ግንብ ሆነ። ብርነሽ ቤተ ክርስቲያን ስታየኝ በሌላው በር ትወጣለች። ማኅበሩ እሷ ቤት ሲደርስ ምግብ ትሰጠኛለች፤ እንደ መንገደኛ፣ ዓይኔን ሳታይ። አያ ሐጎስም የእህቱን ደጅ ዳግመኛ አልረገጠም። ካርድ የሚያሠራ ሰው ቢመጣ እንኳ «እማማ፣ እጅዎ ግን ደህና ነው?» ይለኛል። ስንቱን «እጄ ደህና ነው» ልበል? ዓመታት አለፉ። እኔ በየመኪናው ድምፅ ጆሮዬን እያቀናሁ፣ አንድ ቀን ትመጣለች፣ አንዷን ቃል ትናገራለች እያልኩ ቆየሁ። ከዚያ ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ መጣ።

ሞቷ በተሰማ በሳምንቱ ብርነሽ በሬን ከፍታ ገባች። ከሠርጉ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። አልተቀመጠችም።

«ለመምህርቷ ብዬ ነው የመጣሁት» አለች። «ትምህርት ቤቱ መታሰቢያ ሊያደርግላት ነው። የጥሪ ካርድ የሚሠራ ጠፋ። አስተማሪዎቹ አንቺን መለመን ፈርተው እኔን ላኩኝ።»

«አንቺ አልፈራሽም?»

«እኔ ምን ቀረኝና ልፍራ» አለች።

ቆርቆሮውን አወጣሁ። «ቁጭ በይ። ሳላይ አልለጥፍም» አልኳት። ቀጫጭን ወረቀቶች ቆርጬ በእያንዳንዱ ላይ «ፀዳለ» ብዬ ጻፍኩ። ካርዶቹ ላይ አንዱን በሚያብረቀርቀው፣ አንዱን በወረቀቱ፣ አንዱን በጨርቁ ያዝኩት፤ ለሁሉም እኩል ቁራጭ፣ ሁሉንም በማንኪያ ጀርባ። የቀድሞዎቹ ያረጁ ስለነበሩ ለካርድ ሥራዬ ብዬ በገበያ ቀን ከሦስቱም አዲስ ጥቅል ገዝቼ ነበር፤ ባረጀው መፍረድ አድልዎ ይሆናል። ድንጋዩ ላይ ደረደርኳቸው። ብርነሽ ስታየኝ ቆይታ ድንጋዩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ብዙ አልተነጋገርንም። ስለ ልጇ ልጆች ጠየቅኋት፤ ደህና ናቸው አለችኝ።

ጥላው ሲመጣ ተነሥቼ ሁሉንም አዛወርኳቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች።

«ለሁሉም እኩል ፀሐይ» አልኩ። አፌን አመመኝ።

ቀትር ላይ የወረቀቱ ፕላስተር ጠርዙ ተነሣ። ተጠቀለለ። የስሟ ወረቀት ተንሸራታ ብርነሽ እግር ሥር ወደቀች። ብርነሽ አነሣቻት። አበባውን አየች፤ የልጇ ሠርግ አበባ ነው፣ ታውቀዋለች።

«ያኔም እንዲህ ሆኖ ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«እዚሁ ድንጋይ ላይ።»

«ማን አየ?»

«እኔና እሷ።»

ወረቀቷን መዳፏ ላይ አደረገች። «እና እሷ... እዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ... ለምን አልነገርሽኝም፣ እታለም?»

«ነገርኩሽ። ቆሜ ጮህኩ። አንቺ የሰማሽው የተማረችውን ነው።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፈነች። እኔ አላባበልኳትም። እኔም ስለቆሰልኩ ነው።

የመታሰቢያውን ካርድ ሁሉ በጨርቁ ሠራሁ። ጠርዙ ወፍራም ነው፣ አበባ የለውም፣ ካርዱም እንደልብ አይታጠፍም። ስሟን ግን ይዞታል። ይቅር ብያት አይደለም የማይለቀውን የመረጥኩላት። ድንጋዩ የመረጠው እሱን ስለሆነ ነው።

ካለቀ በኋላ አንድ ካርድ ጨመርኩ። ብርነሽ በየዓመቱ የሚካኤልን ዝክር ታደርጋለች፤ ወንድሟ ግን ቀርቷል። ስሙን በራሴ እጅ ጻፍኩ፣ «ለአቶ ሐጎስና ለመላው ቤተሰባቸው» ብዬ፣ ዳርና ዳሩን በጨርቁ አሰርኩት። ገብሬን ጠራሁት።

«በጥላ ልያዘው፣ እማማ?» አለኝ።

«በጭራሽ! ያኔ ያስቀመጥክበት ቦታ ላይ አስቀምጠው፤ መስተዋቱ ሥር።»

በዝክሩ ዕለት ብርነሽ ቤት ገብቼ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ከሰዓት በኋላ አያ ሐጎስ ጋቢውን እንደለበሰ፣ ከነአቧራው በበሩ ገባ። እህቱን ሳማት። ከዚያ ካርዱን ከኪሱ አወጣ፤ ስሙ በቦታው ነው። ምንጣፉ ላይ አልጣለውም። በሁለት እጁ ይዞ ለቤቱ ሁሉ እያሳየ፣

«በስሜ ደረሰኝ» አለ። «ማነው ይህን የሠራው?»

ያው ጥያቄ ነው። ያኔ የነበሩት ሽማግሌዎች አሉ፣ አቶ ደምለውም አሉ። ብርነሽ ከማድጋው አጠገብ ቀና አለች።

«የመረጠችውም ያጣበቀችውም እሷ ናት» አለች፣ በእጇ ወደኔ እያሳየች። «የሠርጉን የመረጠችው ግን እሷ አልነበረችም። መምህርት ፀዳለ ነበረች። ኃላፊነቱ የኔ ነው ብላ አዝዛት ነው። ሁላችንም በደልናት።»

ሰዎቹ ወደኔ ዞሩ። አቶ ደምለው ብርጭቋቸውን ያዩ ጀመር። ሽማግሌው ተነሥተው እጄን ሊይዙ መጡ። አንዷን ቃል አገኘኋት ማለት ነው፤ ሳትቀነስ፣ ሳትቆረጥ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ። ያንን ቃል ስጠብቅ የኖርኩት ከሌላ አፍ ነበር።